እንቁራሪት የሌለበት ኩሬ

ጎጃም ልሄድ ነው ስላቸው የሰፈሬ ሰዎች «አቦ፣ ምን ጠፍቶብሽ?» አሉኝ። «እንቁራሪት» አልኳቸው። ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ግን እየቀለድኩ አልነበረም። ከተመለስኩ ወዲህ ስለዚያ ጉዞ ሁሌ ይጠይቁኛል፣ እኔም ሁሌ ግማሹ ላይ አቋርጠዋለሁ። እዚህ ድሬዳዋ ቁጭ ብሎ ቡሬን ላላየና ለማያይ ሰው አንዴ ከጫፍ እስከ ጫፍ ልጻፈውና ልረፍ።

የእኔ እንጀራ የፍሳሽ ኩሬ ማስተካከል ነው። እናቴ «የሰው ልጅ ሐኪም ሆኖ ሰው ያድናል፣ የእኔ ልጅ ሽንት ታክማለች» እያለች ትስቅብኛለች። ከቡሬ ከተማ ወጣ ብሎ ብዙ ሰልጣኝ የሚያድርበት አንድ ግቢ አለ፤ ስሙን አልጠራም። ከግቢው በታች የመጸዳጃ ቤቱ ፍሳሽ ከአንዱ ወደ አንዱ እየወረደ የሚጣራባቸው ኩሬዎች አሉ። ችግሩ አሞንያ ነበር፤ ሽንት ሲብላላ የሚወጣው፣ አፍንጫና ዓይን የሚቆጠቁጠው ነገር ማለት ነው። ኩሬ ብቻውን አሞንያን በደንብ አያጠፋም። ውሃው ጠርቶ ቢታይም መርዙን እንደያዘ ወንዝ ይገባል፣ ዓሣና እንቁራሪት ይፈጃል። ስለዚህ ከመጨረሻው ኩሬ በፊት አንድ ረጅም የሲሚንቶ ገንዳ አሠራንና ቀዳዳ በቀዳዳ በሆነ ቀይ ድንጋይ ሞላነው፤ ከሥሩም አየር የሚነፋ ማሽን ተገጠመ። ድንጋዩ ላይ ቀስ በቀስ ቡናማ ልጋግ ይይዛል። ልጋጉ ሕይወት አለው፤ አሞንያውን የሚበላው እሱ ነው።

ሠርቶም ነበር። የኩሬው ጠባቂ ዘለቀ አንድ ቀን ስልኩን ወደ ውሃው ዘርግቶ የእንቁራሪቶቹን ጩኸት አሰማኝ፤ ቢሮ ውስጥ ብቻዬን አጨበጨብኩ። ክረምቱ ወጥቶ ሲደውል ግን ድምፁ ሌላ ነበር። «እትየ፣ ልጋጉ ጠፋ። እንቁራሪቶቹም ዝም አሉ» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ «ሳይመሽብኝ ቢመጡልኝ» ብሎ ጨመረ። ምኑ እንደሚመሽበት አልነገረኝም።

ማክሰኞ

ከአዲስ አበባ የተነሳው አውቶቡስ ጎህ ሳይቀድ ነው መንገድ የያዘው። ዓባይ በረሃ ታች ስንደርስ ሀገሬን አገኘኋት፤ ያው ሙቀት፣ ያው የተቃጠለ ድንጋይ። ደስ ብሎኝ ሹራቤን አወለቅኩ። ደጀን ስንወጣ መልሼ ለበስኩት፣ እስክመለስም ከላዬ አልወረደም። ደንበጫ አካባቢ ጎማ ፈነዳ። እኛ ዘንድ ጎማ ሲፈነዳ ሹፌሩ ይሰደባል፤ እዚህ ግን ሰው ሁሉ ወርዶ «እንኳን ገደል ላይ አልሆነ» እያለ አማተበ። አጠገቤ የተቀመጡት ገበሬ ከነጠላቸው ጫፍ የተቆላ ባቄላ ፈተው እስክጠግብ አበሉኝ። የት እንደምሄድ ጠየቁኝ። ስነግራቸው ባቄላውን ማኘክ አቆሙና «እንዲያው እግዜር ይከተልሽ» ብለው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ፍኖተ ሰላም የደረስነው ወደ ማታ ነው። ባጃጁን ሳይ ልቤ ሞቀ፤ ድሬ የባጃጅ እናት አይደለች? የፍኖተ ሰላም ባለባጃጅ ግን ሂሳብ ሳይጠይቅ መጀመሪያ «ደህና ገቡ?» ይላል። ሆቴሉ ውስጥ እንቁላል ፍርፍር አዘዝኩ። አስተናጋጇ ሰው ግደዪልኝ ያልኳት ይመስል ክው አለች። «እንዴ እትየ፣ የነቢያት ጾም ገብቶ የለም?» ክርስቲያን ነኝ ለማለት አፈርኩ። ሽሮና የሱፍ ፍትፍት አመጣችልኝ፣ እኔም ጣቴን ላስኩ።

ሂሳብ ስከፍል ወደ ቡሬ ኩሬዎቹ ጋ እንደምሄድ ሰማች። ዙሪያዋን አይታ ጎንበስ አለችና «በቀትር ብቻ አይሂዱ» አለችኝ። ለምን ብላት «አላውቅም፣ የዚያ አካባቢ ሰው ነው የሚለው» ብላ ሰሃኑን ይዛ ሄደች። ያን ሌሊት የተኛሁት መብራት አብርቼ ነው፤ ምን አስዋሸኝ።

ረቡዕ

ጠዋት በሚኒባስ ማንኩሳን አልፈን ቡሬ ገባን። በርበሬ የሚሰጣበት ወቅት ነበር። በየደጁ፣ በየመንገዱ ዳር ቀይ በርበሬ ተነጥፏል፤ ሚኒባሱ ውስጥ ያለን ሁሉ በየተራ አነጠስን። ወደ ሽንዲ የሚወስደው መንገድ ጋ ወርጄ ዘለቀን አገኘሁት። በድምፁ ሽማግሌ አድርጌ ስዬው ነበር፤ ጎልማሳ ነው፣ ቀጭን፣ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ የሚያወራ። ሻንጣዬን ነጠቀኝ። «ደክመዋል፣ ቀዝቅዘዋል፣ ምን ላድርግዎ?» እያለ ከፊት ከፊት ይሮጣል። አንተ ብዬው እሱ አንቱ ሲለኝ ጨነቀኝ። ድሬ አንቱ የሚባል ሰው ወይ ሞቷል ወይ ዳኛ ነው።

ኩሬዎቹ ጋ ስንደርስ መጀመሪያ ያስተዋልኩት የሌለውን ነው። ባሕር ዛፍ አለ፣ ሳር አለ፣ ውሃው አረንጓዴ ሆኖ ተኝቷል፤ የሚንቀሳቀስ ግን የለም። እንቁራሪት የለም። ፍሳሽ ኩሬ ዳር የማይጠፉት ወፎች እንኳ የሉም። ላሞች ከአጥሩ ውጭ ይግጣሉ፤ ሁሉም ፊታቸውን ወደ ተራራው አዙረው፣ ጀርባቸውን ለውሃው ሰጥተዋል። ዘለቀን «ላሞቹ ለምን እንደዚህ ቆሙ?» አልኩት። «እንዲያ ነው የሚቆሙ» አለኝ።

ገንዳውን አየሁት። መጀመሪያ ቀን ከጭነት መኪና እንደወረደ ድንጋይ፣ ቀይ ንጹሕ። ከልጋጉ ጠብታ የለም። ማሽኑ ይነፋል፣ አየሩ ይንተከተካል፣ የሚበላ ግን በላዩ የለም። ውሃውን ቀድቼ ለካሁት፤ አሞንያው ሞልቷል። ለዘለቀ አስረዳሁት። አረንጓዴው ነገር ፀሐይ ሲያገኝ ውሃውን እንደ አመድ ውሃ የሚቆጠቁጥ ያደርገዋል፤ ያኔ ጠዋት በውሃው ውስጥ የተኛው አሞንያ ይነሳና ጋዝ ይሆናል። የሚገድለው፣ ዓይን የሚያስነባው ከሰዓቱ ሁሉ በቀትር ነው። ስለዚህ በቀትር መለካት አለብን።

ኮፍያውን ጨመቀው። «በቀትርስ አልመጣም እትየ። ይቆጡኝ።»

«ጠባቂው አንተ አይደለህ?»

«ጠዋት ነኝ፣ ማታ ነኝ። ስድስት ሰዓት ላይ ግን ሰው እዚህ አይቆምም። ጥላ እግር ሥር ሲገባ ውሃው የባለቤቱ ነው።» ባለቤቱ ማን እንደሆነ አልጠየቅኩትም፤ እሱም ሊነግረኝ አልፈለገም።

የግቢው እንግዳ ማረፊያ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ኖሮ ዘለቀ ወደ መንደሩ ወሰደኝ። መንደሩ ከኩሬው ቁልቁል፣ ፍሳሹ የሚገባበት ወንዝ ዳር ነው። ቤቱን በሩቅ በአገጩ አሳየኝና አልፎት ሄደ። «ምነው፣ ቤትህ አታስገባኝም?» ስለው «ቤቴ ለእንግዳ አይሆንም» ብሎ እማሆይ ውድነሽ ዘንድ አደረሰኝ። እሱ ግን ከደጃፉ አልፎ አልገባም።

እማሆይ ውድነሽ ባላቸው ሲሞት የመነኮሱ፣ ቢጫ ቆብ ያደረጉ፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። ስገባ ቤቱ ያሉት ሴቶች ሁሉ «ኖር!» ብለው ተነሱ። ምን እንደሚመለስ ስለማላውቅ «አመሰግናለሁ፣ እናንተም ኑሩ» አልኳቸው። በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። ቀጥዬ እማሆይን «አንቺ ነሽ የምታሳድሪኝ?» ብል አንዷ ሴት ውሃ አነቃት። ድሬ እናትን አንቺ ማለት ፍቅር ነው ብዬ ብነግራቸው እማሆይ «እንግዲያስ ውደጂን ልጄ» ብለው ራሴን ዳሰሱኝ። የዳጉሳ እንጀራ በሽሮ አቀረቡ፤ «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» እያሉ እስካቃስት አጎረሱኝ። እግሬንም ካላጠብኩ ብለው በግድ አጠቡኝ።

ሴቶቹ ሲሄዱ ስለ ዘለቀ ጠየቅኳቸው። «ሀገር አድሞበታል» አሉ። «እሳት ነስተውታል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጋጉ ከጠፋ ወዲህ ዓሣው በቀትር ተገልብጦ መንሳፈፍ ጀመረ። መንደሩ በሙሉ በዚያ ሰዓት ያለ ኀዘን ያነባል። ዘለቀ ከኩሬው የሰደደው ነገር ነው ተባለ። ከዚያ ወዲህ ማንም ቤቱ አይገባም፣ ከቤቱ አይበላም፣ ፍም አያውሰውም። የሚመጣው ሰኞ ደግሞ ፍሳሹ የሚወጣበትን ቦይ በአፈር ሊደፍኑት ተማክረዋል፤ እሱንም ከማኅበር ጨርሰው ሊያስወጡት።

«ክብሪት እኮ አለው» አልኩ እኔ ሞኟ።

«ክብሪት እሳት ይሆናል እንጂ ጎረቤት ይሆናል? የሚስቱ የትጓደድ ሆዷ ገፍቷል። የበኩር ልጇ ነው። ምጥ ሲይዛት ማን ይደግፋታል?»

«እርስዎስ?»

እማሆይ መቁጠሪያቸውን አገላበጡ። «እኔም ከሀገር ጋር ነው የምኖር፣ ልጄ።»

ዘለቀ የሚመሽበት ነገር ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር ጽዮን

በዓል ነው። መንደሩ ነጭ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። እኔ በአምስት ሰዓት ተኩል ገደማ መለኪያዬን ይዤ ወደ ኩሬው ወጣሁ። ድሬ በቀትር ሰው ከመንገድ የሚጠፋው በሙቀት ነው፤ ይተኛል፣ ወይ ጫቱን ይዞ ይቀመጣል፤ ግን ሬዲዮ ይሰማል፣ ልጅ ያለቅሳል፣ ከበረንዳ ሰው ይጠራሻል። እዚህ የሚጠራ የለም። ከቤተ ክርስቲያኑ የሚመጣው ዜማ እንኳ ኮረብታው ላይ ደርሶ የሚቆም ይመስላል።

ፀሐይዋ አናቴ ላይ ወጣች። ጥላዬ ቀስ እያለ ጫማዬ ሥር ገባ። ውሃው ትናንት ጠዋት ካየሁት ይልቅ ጠቆረ። ሽታው መጀመሪያ አልመጣም፤ መጀመሪያ የመጣው እንባ ነው። ምንም ሳይሰማኝ ጉንጬ ራሰ። ምክንያቱን እኔ ነኝ ትናንት ያስረዳሁት፤ ግን ሳይከፉ ማልቀስ ክፉ ነገር ነው፣ ሌላ ሰው በእኔ ዓይን የሚያለቅስ መሰለኝ። የብርጭቆ ቱቦዬን ሞልቼ የመለኪያውን ጠብታ ጨመርኩ። አንድ ዓሣ ካጠገቤ ሆዱን ገልብጦ ወጣ፣ አፉን ሁለት ጊዜ ከፈተ፣ ተወ።

ቀና ስል በወዲያኛው ዳር ሴት ቆማለች።

ነጭ ለብሳለች። ጎንበስ ብላ ውሃው ውስጥ አንድ ነገር የምታጥብ ትመስላለች፤ እጇ ይሄዳል ይመጣል፣ ውሃው ግን አይንቀሳቀስም። ድምፅም የለውም። ሰልጣኝ ትሆናለች ብዬ «እንደምን ዋልሽ!» ብዬ ጮህኩ። ማጠቧን አቆመች። ወደ እኔ ግን አልዞረችም። እንባዬን በእጅጌዬ ጠርጌ ደግሜ ሳይ ዳሩ ባዶ ነው። ሳሩ እንኳ አልተረገጠም። ክርስቲያን ነኝ፣ ግን ድሬ ያደገ ሰው ሲደነግጥ የሚመጣለት «ወላሂ» ነው፤ ወላሂ ብዬ ቱቦውን ለቀቅኩት፣ ድንጋይ ላይ ተሰበረ፣ እኔም ሮጥኩ። የተማርኩ ሴት ነኝ፤ ሮጥኩ።

ለእማሆይ አልነገርኳቸውም። ፊቴን አይተው ግን ጠበል አመጡና ምንም ሳይጠይቁ ረጩኝ።

ዓርብ

ጠዋት ራሴን ተቆጣሁ። አሞንያ ዓይን ያጭበረብራል፣ ፀሐይም ያዞራል። ግን ጋኔን አይደለችም ካልኩ አንዲት ሴት ናት ማለት ነው፤ አንዲት ሴት ከሆነች ደግሞ በቀትር ማንም በሌለበት ሰዓት እዚያ ምን ትሠራለች? ስለዚህ ገና ሳይቀትር ሄጄ የማሽኑ ቤት ጀርባ ተደበቅኩ።

ጥላዬ ጫማዬ ሥር ሲገባ ከገንዳው በኩል ድምፅ መጣ። ሻ፣ ሻ፣ ሻ። የሚፈተግ ነገር። ብቅ ብዬ አየሁ።

ሴት ናት፤ ይቺኛዋስ በደንብ ትታያለች። የነተበ ቀሚስ ለብሳ የገንዳው ጠርዝ ላይ ተንበርክካለች። ሆዷ እስከ ጉልበቷ ደርሷል። አጠገቧ የተወቀጠ እንዶድ አለ፤ ያ ነጭ ልብስ የሚታጠብበት ፍሬ። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ እያነሳች በእንዶድ ትፈትጋለች። ነጩ አረፋ በገንዳው ውስጥ ይንሳፈፋል። ፊቷ በእንባ ርሷል፣ እሷ ግን አትጠርገውም።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አልኳት።

አልጮኸችም። ድንጋዩን አስቀምጣ አማተበች። «ሰው ነሽ?» አለችኝ።

«ሰው ነኝ። አንቺስ?»

«እኔማ ትጓደድ ነኝ። የዘለቀ ሚስት።» ከዚያ እጄን በራሰ እጇ ያዘችው። «በማርያም ይዤሻለሁ፣ ለዘለቀ አትንገሪብኝ።»

አጠገቧ ተቀመጥኩ። እንደነገረችኝ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ወንዝ ስትወርድ ሴቶች «ባልሽ ልጋግ ያረባል፣ በቆሻሻ ላይ ቆሻሻ ይቆልላል» ብለው ሳቁባት። አፈረች። ባሏ ቤት ውስጥ ስለ ድንጋዩ አንድ ቀንም አውርቶ አያውቅም። «ነጭ ልብስ ያነጣ እንዶድ ድንጋይ አያነጣም ወይ ብዬ አጠብሁት። ቀይ ሆኖ ሲያምር ደስ አለኝ። ከዚያ ሸተተ። ሲሸት ያልጠራ መስሎኝ ይልቁን አጠብሁት። ዓሣው ሲሞት ጨምሬ አጠብሁት። እሳት ሲነሱን በየቀትሩ መጣሁ።»

«በቀትር? አትፈሪም?»

«እፈራለሁ እንጂ። እርጉዝ በቀትር ውሃ ዳር አትሄድም፣ ልጇ ይቀየራል ይላሉ። ግን ሰው የሌለበት ሰዓት እሱ ብቻ ነው። ጋኔን ከሰው አይብስም ብዬ ነዋ።»

እንዴት ልንገራት? ብዙ አሰብኩና «ትጓደድ፣ ቡሃቃሽን ስታጥቢ እርሾውን ትደፊዋለሽ?» አልኳት።

«ምን ቆርጦኝ! ታዲያ ሊጡን በምን አቦካው?»

«የድንጋዩ ልጋግ የውሃው እርሾ ነው። አሞንያውን የሚያብላላው እሱ ነበር።»

እጆቿን አየቻቸው። ብዙ ጊዜ አየቻቸው። «እርሾውን ነው የደፋሁት?» አለች። ከዚያ በኋላ ያፈሰሰችው እንባ የአሞንያ ይሁን የኀዘን ሊለይ አይችልም፤ የእኔም አይለይም ነበር። እንዶዱም ለብቻው ዓሣ እንደሚገድል አልነገርኳትም። ይበቃታል።

ተነስቼ የገንዳውን ጥግ ጥጉን ፈተሽኩ። ታችኛው ጫፍ ገንዳው ይጠልቃል። እዚያ ለመድረስ ደረት ድረስ ማጎንበስ ይፈልጋል። እጄን ሰድጄ አንድ ድንጋይ አወጣሁ። ቡናማ፣ ሙልጭልጭ፣ ልጋጋም። ሌላም አወጣሁ፣ እሱም እንደዚያው። «ይኸኛውንስ ለምን አላጠብሽውም?»

ሆዷን ነካች። «አላስጎነብስ አለኝ።»

ድንጋዩን ልስመው ምንም አልቀረኝም። ያልተወለደው ልጅ እርሾውን አትርፎታል። ሳቅኩ፤ እሷም ሳትወድ ሳቀች። ያን ጊዜ ነው፣ ቀለል ብሎኝ፣ «ትናንትስ በወዲያኛው ዳር ምን ታጥቢ ነበር? ልቤን አጠፋሽው እኮ» ያልኳት።

ሳቋ ቆመ። «ትናንት?»

«አዎ፣ በዚሁ ሰዓት።»

«ትናንት ጽዮን አይደለች እንዴ? በጽዮን ማን ያጥባል? ቤተ ክርስቲያን ነበርሁ፣ ከሁሉ ኋላ ለብቻዬ ቆሜ።» ወደ ወዲያኛው ዳር ልታይ ራሷን መለስ አደረገች፣ ግን ሳታይ ተወችው። እንዶዱን ሰበሰበች። «እንሂድ እትየ። አሁን እንሂድ» አለችኝ።

ቅዳሜ ያልታጠቡትን ድንጋዮች ከዘለቀ ጋር ስንለይ ዋልን። ሌሎቹን ማን እንዳጠባቸው አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ መንደሩ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ዋርካ ሥር ተሰበሰበ። ዘለቀና ትጓደድ ከሰዉ ራቅ ብለው ቆመዋል። ስደርስ ሁሉም «ኖር!» አሉ፤ አሁን ተምሬያለሁ፣ «በእግዚአብሔር» አልኩ። ቦዩን ሊደፍኑ የቆረጡትን የሚመሩት አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ ዓይናቸው ከቀትሩ እንባ የተነሳ ቀልቷል።

የማውቀውን ተናገርኩ። ድንጋዩ እርሾ ነው፣ እርሾው ተደፍቷል፣ ጥቂት ተርፏል፤ ካልታጠበው እየወሰድን ከታጠበው ጋር ብናቀላቅል ሁዳዴ ሳይገባ ውሃው ይድናል፤ ቦዩ ቢደፈን ግን ፍሳሹ ሜዳውን ያጥለቀልቀዋል። ሽማግሌው እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ «ጥሩ ብለሻል ልጄ። ግን እርሾ በራሱ አይደፋም። ማነው የደፋው?» አሉ።

ትጓደድ በማርያም ይዛኛለች። ምን ልበል ስል ዘለቀ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ ወደፊት ወጣ።

«እኔ ነኝ» አለ።

ክው አልኩ። ውሸቱን ነው፤ ለካስ ያውቅ ነበር። ኋላ እንደነገረኝ፣ ማታ ማታ የሚስቱ እጅ እንዶድ እንዶድ ይሸተው ነበር፤ ለማንም አልተነፈሰም፣ ለእሷም ጭምር። ለዚህ ነው እኔን የጠራኝ፣ ለዚህም ነው ምንም ያልነገረኝ።

«አይደለም!» አለች ትጓደድ። ሆዷን በእጇ ደግፋ መጥታ አጠገቡ ቆመች። «እኔ ነኝ ያጠብሁት። በየቀትሩ። አፍሬ ነው። ሰው እንዲወደን ነው።»

እማሆይ ውድነሽ በመቋሚያቸው ተደግፈው ተነሱ።

«በቀትር?» አሉ።

«አዎ እማሆይ።»

«በዚህ ሆድሽ?»

እማሆይ ዞረው ወንዝ የሚወርዱትን ሴቶች አንድ በአንድ አዩአቸው፤ ሴቶቹም መሬት መሬት አዩ። «እኛ ከቤት መውጣት በፈራንበት ሰዓት ይችን ልጅ ውሃ ዳር ብቻዋን ያስወጣናት ማን ነን?» አሉና፣ ማንም እስኪመልስ ሳይጠብቁ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ሁሉም ሊበተን ሲል ተመለሱ። በገል ላይ ፍም ይዘዋል፣ በላዩ አመድ ነስንሰውበታል። የተሰበሰበውን ሕዝብ መሀል ለመሀል አቋርጠው የዘለቀን ቤት መንገድ ያዙ። ትጓደድ ከኋላቸው ሄደች። መጀመሪያ አንዲት ሴት ተከተለቻቸው፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ መቁጠር ተውኩ፤ ዓይኔ አላሳየኝም። ገና ስድስት ሰዓት አልሆነም፣ በአሞንያ ላሳብበው አልችልም። አለቀስኩ። ሽማግሌው ብቻ ቁጭ እንዳሉ ቀሩና «እስከ ሁዳዴ ነው ያልሽ?» አሉኝ።

መልስ

ሰኞ ቦዩን ሊደፍኑ አካፋ የሳሉ ሰዎች አካፋቸውን ይዘው ድንጋይ ሊያዛውሩ መጡ። አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሁሉም ሳይነጋገሩ ሥራቸውን ጥለው ወጡ፤ እኔም አብሬ ወጣሁ። ወደ ወዲያኛው ዳር አላየሁም። ማክሰኞ መለኪያዬን ለዘለቀ ተውኩለት፣ እሱም ጆንያ ሙሉ በርበሬ ሰጥቶ ሸኘኝ፤ እስከ አዲስ አበባ አውቶቡሱን ሙሉ አስነጠስኩት። ድሬ ስገባ ሙቀቱ እንደ እናት አቀፈኝ፤ ያን ዕለት ምሳ ሰዓት ሬዲዮ የሚጮህበትን ጎረቤቴን ለመጀመሪያ ጊዜ አልተቆጣሁም።

ሁዳዴ ሊገባ ሲል ስልኬ ጠራ። መስመሩ ይቆራረጣል። «እትየ፣ ወንድ ነው!» አለ ዘለቀ። ሲወለድ እማሆይ ናቸው የተቀበሉት። የመንደሩ ሴት ሁሉ ቤቱን ሞልቶት እሱ ውጭ ቆሞ ነጋበት። እንዲህ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም ነበር። «ቆይ ደግሞ፣ ይኸን ስሙልኝ» ብሎ ስልኩን ዘረጋው።

ጩኸት። እንቁራሪት በእንቁራሪት ላይ፣ የሠርግ ቤት ይመስል። ወንበሬ ላይ ሆኜ አጨበጨብኩ። የግድግዳውን ሰዓት ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው።

«ዘለቀ፣ ኩሬው ጋ ነህ እንዴ? አሁን?»

«አዎ እትየ። እየለካሁ ነው። በቀትር ነው የሚለካ ብለውኝ የለ?» ድምፁ ውስጥ ፍርሃትም ኩራትም አለ።

መጠየቅ አልነበረብኝም። ጠየቅኩት። «በወዲያኛው ዳር ሰው አለ?»

ብዙ ጊዜ እንቁራሪቶቹን ብቻ ሰማሁ።

«እኛ ወደዚያ በኩል አናይም እትየ» አለኝ።